አባትዎ ያዩት ብሩስ ሊ የትኛው ነው?

ጥያቄው የቀረበው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ወጣት ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «አባቴ በወጣትነታቸው ሸዋ በር በነበረ ቪዲዮ ቤት ከሃያ የማያንሱ የብሩስ ሊ ፊልሞች አይቻለሁ ይላሉ። እኔ ፈልጌ ያገኘሁት ግን አራት ሙሉ ፊልሞችና አንድ ሳያልቅ የቀረ ብቻ ነው። ስለ አሟሟቱም ‹በመርዝ ነው የጨረሱት› ይሉኛል። ማንኛችን ነን የተሳሳትነው? ደግሞስ አራት ፊልም ብቻ የሠራ ሰው ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንዴት ስሙ ይነሳል?»

ከፊልሞቹ ቁጥር እጀምራለሁ፤ የመርዙም ወሬ በከፊል የሚፈታው እዚያው ነውና። አባትዎ አልዋሹም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም።

ብሩስ ሊ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ32 ዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲሞት ገበያው ገና መሞቁ ነበር። ገዢው በየአገሩ ተሰልፏል፤ ዕቃው ግን አልቋል። የሆንግ ኮንግና የታይዋን ፊልም አምራቾች መላ ለመምታት ብዙም አልዘገዩም፤ መልኩ ወይም ቁመናው ወደ ሟቹ የሚጠጋ፣ እግሩ ለርግጫ የሚታዘዝለት ወጣት እየፈለጉ፣ ፀጉሩን በእሱ አምሳል አስተካክለው፣ ሰፋፊ ጥቁር መነጽር አድርገውለት፣ ስሙንም ለውጠው ካሜራ ፊት አቆሙት። ታይዋናዊው ሆ ቹንግ ታኦ በዚህ መንገድ «ብሩስ ሊ» ሆነ፤ ሌላው «ብሩስ ሌ» ተባለ፤ ኮሪያዊው ደግሞ «ድራገን ሊ»። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ በላይ በላይ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ከእውነተኛው ይልቅ የአስመሳዮቹ ፊልም በቁጥር እጅግ ይበልጣል።

ለእኛ አገር ተመልካች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት፤ ይህን ያስተዋለ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በላቲን ፊደል የእውነተኛው ስም በሁለት «ኢ» ሲያልቅ የታይዋናዊው በአንድ «አይ» ያልቃል፤ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አተኩሮ ካየ ሊለያቸው ይችላል። በግእዝ ፊደል ግን ሣልሱ «ሊ» ለሁለቱም እኩል ነው። «ብሩስ ሌ»ንም ቢሆን በጠመኔ የሚጽፍ ልጅ ኃምሱን ሣልስ ቢያደርገው ማን ይከሰዋል? ስለዚህ በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ በተደገፈችው ጥቁር ሰሌዳ «ዛሬ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ብሩስ ሊ» ተብሎ ሲጻፍ ጽሑፉ ትክክል ነበር፤ ሰሌዳውን ያዘጋጀውም፣ ሳንቲሙን ከፍለው የገቡት አባትዎም አልዋሹም።

እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ሀረጎን ወጥተን ደሴ የምንደርሰው ለበዓል ልብስ ወይም ለሕክምና ካልሆነ ለቪዲዮ ነበር፤ ዛሬ የፊልም ታሪክና ቅንብር የማስተምረውም ያ ልማድ አልለቅ ብሎኝ ይመስለኛል። የቪዲዮ ቤቱን አሠራር አባትዎ ያውቁታል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል፣ ጀርባ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ ሄዱን በአልኮል ያብሳል፤ እስኪጨርስ ድረስ ልጁ ሁሉ ያፏጫል። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ «አክተር አይሞትም»። አክተር ማለት ማንኛውም ተዋናይ አይደለም፤ ዋናው ባለታሪክ ማለት ነው። ሌላው የፈለገውን ያህል ይሙት፣ አክተሩ ግን እስከ መጨረሻው ይቆማል።

«ፊስት ኦፍ ፊዩሪ»ን ያየሁ ቀን ሕጉ ችግር ገጠመው። በዚህ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ፊልም ብሩስ ሊ ጃፓናውያን በገነኑባት የሻንጋይ ከተማ የመምህሩን ገዳዮች የሚበቀል ደቀ መዝሙር ሆኖ ይሠራል። በፊልሙ መካከል ወደ መናፈሻ እንዳይገባ የሚከለክል፣ ቻይናውያንን ከውሻ እኩል ያደረገ ሰሌዳ ያይና በአንድ ርግጫ ከአየር ላይ ይሰነጥቀዋል፤ ስለ ጣሊያን ዘመን ከአያቶቹ ሲሰማ ላደገ የወሎ ልጅ ይህን ትዕይንት ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። በመጨረሻ ጠመንጃ የደገኑ ወታደሮች በር ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። እሱ ይሮጣል፣ እየጮኸ ይዘላል፤ ተኩሱ ይሰማል፤ ምስሉ ግን አየር ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እኛ «ካሴቱ ቆመ!» ብለን ጮኽን። ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ ዴኩን በእጁ ጠፍ ጠፍ አደረገው። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ፊልሙ ማለቁ ነበር። አክተሩ ሞቷል ወይስ አልሞተም በሚለው ላይ እስከ መኪና መናኸሪያ ድረስ እየተጨቃጨቅን ሄድን።

የመርዙን ነገር ያነሳሁትም በዚሁ ፊልም ምክንያት ነው፤ የዚያ ታሪክ መነሻ መምህሩ በጠላቶቹ ተመርዞ መሞቱ ነውና። ተዋናዩ ራሱ ከፊልሙ መውጣት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ በድንገት ሲሞት፣ ተመልካቹ የመምህሩን ሞት ለደቀ መዝሙሩ ማዋሱ የሚያስገርም አይደለም። ከአስመሳዮቹ ፊልሞች አንዳንዶቹም ስለ ራሱ ስለ ብሩስ ሊ ሞት የሚተርኩ፣ ገዳይ የሚያድኑና ደም የሚመልሱ ነበሩ። አባትዎ «በመርዝ ነው» ሲሉ ምናልባት ወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩትን ፊልም እያስታወሱ ይሆናል።

የሆነው ግን እንደሚከተለው ነው። ግንቦት 10 ቀን 1973 «ኢንተር ዘ ድራገን» ለተባለው ፊልሙ ድምፁን በሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ወደቀ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳይገባ ተዘግቶ ስለነበር ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ሐኪሞች አንጎሉ ማበጡን አይተው መድኃኒት ሰጡትና ዳነ። ከአሥር ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 20 ቀን፣ ስለ ቀጣዩ ፊልሙ ለመነጋገር ወደ ተዋናይት ቤቲ ቲንግ ፔ መኖሪያ ሄደ። ራሱን ሲያመው አስፕሪንና ሜፕሮባሜት የሚባል ማረጋጊያ የተቀላቀሉበት ክኒን ሰጠችው፤ ወስዶ ጋደም አለ፤ ሊቀሰቅሱት ቢሞክሩ አልነቃም። በአስከሬን ምርመራው አንጎሉ 1,575 ግራም መዘነ፤ የተለመደው 1,400 ግራም ያህል ነው። በሰውነቱ ላይ የድብደባ ምልክት አልታየም፤ መርዝም አልተገኘም። በዚያው ዓመት መስከረም የተቀመጠው ችሎት፣ የእንግሊዛዊውን የአስከሬን ምርመራ ሊቅ የዶናልድ ቲርን ምስክርነት ጨምሮ ከሰማ በኋላ፣ ሞቱ ባልታሰበ አደጋ የደረሰ መሆኑን በየነ። የቲር አስተያየት ሰውነቱ ለዚያ ክኒን ያልተለመደ አጸፋ ሰጥቷል የሚል ነበር።

ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። በ2018 የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ማቲው ፖሊ ሙቀት ነው የገደለው ይላል፤ ብሩስ ሊ ካሜራ ላይ እንዳያስነውረው የብብቱን የላብ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ማስወጣቱንና የመጀመሪያው መውደቅም በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ መሆኑን በማስረጃነት ያቀርባል። በ2022 ደግሞ የኩላሊት ተመራማሪዎች ከመጠን ያለፈ ውሃ ጠጥቶ የደሙ ጨው በመቅጠኑ ሊሆን ይችላል የሚል መላምት አሳተሙ። የሕክምና ሰው ስላልሆንኩ በሦስቱ መካከል ዳኛ አልሆንም፤ ሆኖም የአንጎሉን ማበጥ የሚክድ ከመካከላቸው አንድም የለም። መርዝ፣ እርግማን ወይም የሚስጥር ማኅበር የሚሉት ወሬዎች ከዚህ ሰነድ ውጭ የበቀሉ ናቸው።

የበቀሉበትንም ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የፊልም ድርጅቱ በመጀመሪያ ለጋዜጦች ያስተላለፈው ቃል ሟቹ ራሱ ቤት፣ ከሚስቱ ጋር ሳለ የወደቀ የሚያስመስል ነበር፤ የባለትዳርን ሰው ስም ለመጠበቅ ነው መቼም። ጋዜጠኞች የአምቡላንሱን መዝገብ አይተው የተነሣው ከሌላ ሴት ቤት መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ ሕዝቡ በአንዱ ነገር ከዋሹን በሌላውስ አለ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል፤ ስለ ሟች አንዲት ነገር ከተደበቀች፣ ከድንኳኑ ውጭ አሥር ሆና ትወራለች።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ለእኔም ዋናው ወደሆነው፣ እመለሳለሁ። «አራት ፊልም ብቻ» የሚለው ራሱ መታረም አለበት። ብሩስ ሊ በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተወለደው የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ የነበረው አባቱ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ሳለ ነው፤ ገና ጨቅላ ሳለ በሰው ዕቅፍ ሆኖ ፊልም ላይ ታየ፣ ሆንግ ኮንግ ተመልሶም አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ሃያ ያህል ፊልሞች ላይ ተጫወተ። በአሥራዎቹ ዕድሜው ኢፕ ማን ከተባለው መምህር ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት ተማረ፤ በ1958 ደግሞ የሆንግ ኮንግ የቻቻ ዳንስ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ የዳንስ ዋንጫ ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ቀልድ ጠቅሰው የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን እግሩ ምት የሚያውቀው ከዚያ ነው እላለሁ። በ1959 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሲያትል በአንድ ምግብ ቤት እያስተናገደ ተማረ፣ ኩንግ ፉ አስተማረ፣ ሊንዳን አገባ። በቴሌቪዥን ያገኘው የታወቀ ሥራ የአንድ ጀግና ሾፌርና አሽከር ሆኖ መጫወት ነበር፤ ምቱ ፈጥኖ ካሜራው ስለማይዘው ቀስ እንዲል ይለምኑት እንደነበረ ይነገራል። በ1970 ወገቡን ተጎድቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ፤ ዳግም መራገጥህ ያጠራጥራል አሉት። በ1971 ሆንግ ኮንግ የሚገኝ አዲስ ድርጅት ለሁለት ፊልም 15,000 ዶላር ሲያቀርብለት ሆሊውድን ትቶ ሄደ።

ከዚያች ከሐምሌ 1971 እስከ ሞቱ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። «ቢግ ቦስ» በሆንግ ኮንግ የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» የእሱን ሰበረ፤ ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው «ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን» ደግሞ የዚያን። አራተኛው ከሆሊውድ ድርጅት ጋር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራው «ኢንተር ዘ ድራገን» ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እሱ ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ ነበር። በነገራችን ላይ በዚህ ፊልም ውስጥ በአንድ ቅጽበት አንገቱን ተጠምዝዞ የሚሞት ስም የለሽ ዘበኛ አለ፤ ጃኪ ቻን ነው።

ዝናው ለምን እንደጸና በወጣትነት መሞቱ ብቻ አይገልጸውም፤ በወጣትነት የሞተ ተዋናይ ብዙ ነው፣ የተረሳውም ብዙ ነው። የእኔን ፍርድ ከፈለጉ «ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን»ን አግኝተው ሮም ኮሎሲየም ውስጥ ከቸክ ኖሪስ ጋር የሚያደርገውን ፍልሚያ ብቻ ይመልከቱ። (እግረ መንገዴን፣ ያ ፊልም በተቀረጸበት ዘመን የእኛው የአክሱም ሐውልት ከኮሎሲየሙ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር፤ ካሜራውን ትንሽ ወደ ደቡብ ቢያዞሩት ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።) ከፍልሚያው በፊት ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው እንደ ሠራተኛ ዝም ብለው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። አንዲት የድመት ግልገል ፍርስራሹ መካከል ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ውጊያው የሚጀመረው በእሷ ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ዙር አክተሩ ይመታል፣ ይወድቃል። ከዚያ አቋሙን ይለውጣል፤ ተረከዙን አንሥቶ መደነስ ይጀምራል፤ ያ የቻቻ እግር ነው። ቃል የለም፣ ሙዚቃውም እየመጣ ይሄዳል፤ ካሜራው ወደ ኋላ ርቆ ከእግር እስከ ራስ ስለሚያሳያቸው ምቱ በመቀስ የተፈጠረ አለመሆኑን ዓይን ያረጋግጣል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የአካባቢው ፊልሞች ሰይፍና በገመድ መብረር የሚያበዙ ስለነበሩ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እሱ ፍልሚያውን አሳጠረ፣ ከምቱ በፊት ያለውን ጸጥታ ግን አስረዘመ።

ተጋጣሚው ክንዱና እግሩ ተሰብሮ እንኳ እጅ አልሰጥም ይላል። አክተሩ ራሱን ነቅንቆ ተው ይለዋል፤ አይሰማም፤ ይገድለዋል። ከዚያ ፊቱ ላይ የድል ምልክት ሳይታይ የሟቹን ልብስና ቀበቶ ፈልጎ ያመጣና ሬሳውን አልብሶ ይንበረከክለታል። ያ ሲሆን ቪዲዮ ቤታችን ጸጥ አለ። ከእኛ ኋላ የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው «ይኼስ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ በፊት በካራቴ ፊልም ላይ ሬሳ ሲከበር አይተን አናውቅም ነበር፤ አስመሳዮቹ ጩኸቱን፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ መጥረጉንና በሰንሰለት የተያያዙትን ዱላዎች ሲቀዱ ይህን መቅዳት ግን አልሆነላቸውም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ከአንድ የትግል ስልት ጋር አልታሰርም ብሎ ከቦክስ፣ ከዊንግ ቹን፣ ከሻሞላ ውድድር ሳይቀር ያጣመረው «ጂት ኩን ዶ» ለዛሬው የቅይጥ ፍልሚያ ስፖርት መንገድ ጠራጊ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት በጦሳ ግርጌ ተሰልፈው የሚራገጡት የደሴ ልጆችም ቴኳንዶ ይሁን ውሹ የሚማሩት ፍላጎቱ የተነሣው ከእሱ ነው ብል አላጋነንኩም። በጦርነት በተከፋፈለችው የቦስኒያዋ ሞስታር ከተማ በ2005 ሐውልቱን ያቆሙለት ሰርቡም፣ ክሮአቱም፣ ሙስሊሙም በእኩል የሚወደው ሰው ሲፈለግ እሱ ስለተገኘ ነው።

ሳያልቅ የቀረው «ጌም ኦፍ ዴዝ» ግን በእርስዎና በአባትዎ ቁጥር መካከል ያለ ድንበር ስለሆነ አልዘለውም። ብሩስ ሊ በ1972 የመጨረሻውን ፍልሚያ፣ ቢጫ ልብስ ለብሶ ከረጅሙ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከካሪም አብዱል ጀባር ጋር የሚገጥምበትን፣ ቀርጾ ነበር። በ1978 ሌሎች ሰዎች አዲስ ታሪክ ጽፈው፣ ተመሳሳይ ሰዎች ተክተው፣ በአንድ ቦታም የፊቱን ፎቶግራፍ በመስታወት ላይ ለጥፈው ጨረሱት፤ ከእውነተኛው ቀብሩ የተነሣ ምስል እንኳ አስገቡበት። እንደ ሙያተኛ የማፍርበት ሥራ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ተዋናዩ ፊልም ሲቀረጽ በእውነተኛ ጥይት ይመታል። ልጁ ብራንደን ሊ በ1993፣ በ28 ዓመቱ፣ ፊልም ሲሠራ በእርግጥ በጥይት ሲሞት፣ «እርግማን» የሚለው ወሬ የተቀጣጠለው በዚህ ግጥምጥሞሽ ነው። የደረሰው ግን ቸልተኝነት ነበር፤ ለቅርብ ምስል የተጠቀሙበት ባሩዱ የወጣለት ጥይት አረሩ ተነቅሎ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ማንም ሳይፈትሸው ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ጥይት ሲተኮስ ያንን አረር ገፍቶ አወጣው። መሣሪያን ከቀረጻ በፊት አፈሙዙን በብርሃን ማየት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። አባትና ልጅ ዛሬ ሲያትል በአንድ መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

አባትዎ ካዩዋቸው ሃያ ፊልሞች የትኞቹ የእሱ እንደነበሩ ለመለየት ርዕስ አይጠይቋቸው፤ ርዕሱ በየካሴቱ ይለያይ ነበር። ይልቅ ምስሉ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ሰዉ ካሴቱ ቆመ ብሎ ጮኾ እንደሆነ፣ ባለብዙ መስታወት ክፍል ውስጥ ደረቱን ተቧጥሮ ሲዋጋ አይተው እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ድመቷ ይጠይቋቸው። ድመቷን ካስታወሱ ያን ቀን ሸዋ በር የታየው እሱ ራሱ ነበር።